ሱቄ የሞላበት አርብ

አርብ ጠዋት አርብ ገበያ ከተማ ላይ ሱቄን ያየ ሰው ሀብታም ናት ይለኛል። አልፈርድበትም። ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ደጄ ላይ አህያ ይታሰራል፤ ውስጥ ሰው ይተራመሳል፤ አንዱ ባዶ እጁን ይገባል፣ ሌላው ተሸክሞ ይወጣል። እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ያልሸጥኩትን ዕቃ ሳቀብል እውላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ከቤተ ልሔም ደብር ማዶ ነው። ከእኛ አገር ገበያ የሚወጣ ሰው በእግሩ ተጉዞ ደክሞት ስለሚደርስ፣ ሸክሙን የሚያሳርፍበት፣ ውኃ የሚጠጣበት፣ የመንገድ ጓደኛውን የሚጠብቅበት አንድ የሚያውቀው ቤት ይፈልጋል። ያ ቤት የእኔ ሱቅ ነው። ገብስ ያመጣው ግማሹን ጆንያ እኔ ዘንድ አስቀምጦ ግማሹን ወደ እህል ተራ ይዞ ይሄዳል። ጨውና በርበሬ ከሌላ ነጋዴ የገዛው ያመጣና «ጌጤ፣ ይቺን ያዥልኝ» ብሎኝ ይወጣል። ከሌላ ሰው መግዛቱን አይደብቀኝም፤ እኔም አልቀየመውም፤ ያኛው ነጋዴ በጅምላ ስለሚያመጣ ከእኔ ይረክሳል። ወደ ማታ ሁሉም ያስቀመጠውን አንሥቶ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎኝ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ግርግር ለእኔ የሚተርፈኝ ጥቂት ክብሪት፣ ጥቂት ሳሙና፣ ሩብ ሩብ ኪሎ ስኳር መሸጥና ጭቃ የሆነ ወለል መጥረግ ነው።

ባሌ ጥላዬ ይህን ሲያይ አንጀቱ ይቃጠላል። ሱቅ ነው የከፈትሽው ወይስ የእንግዳ ማረፊያ ይለኛል። እኔም ብሽቅ የምልበት ቀን አለ። ቢሆንም እነሱን ከደጄ መመለስ አይሆንልኝም።

ልጅ ሆኜ ታላቅ እኅቴን ሊያጩ የባል ወገን ሽማግሌዎች ቤታችንን ሊያዩ መጡ። አባቴ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቻችን ማንም ሳይለምናቸው በማለዳ በሬዎቻቸውን ነድተው ግቢያችን ውስጥ አሰሩ፤ ሴቶቹ ጋናቸውን፣ አዳዲስ ጋቢያቸውን ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ቤት አይተው ተመለሱ። ገና ኮረብታውን ሳይዞሩ ሁሉም በሬውን ፈቶ፣ ጋኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኅቴ በሰላም ተዳረች። የእኛ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ወገናቸው ሊታይ ሲሆን ብቻውን አይተዉትም።

ሐምሌ ላይ ገማቾች መጡ። እንደ እኔ መዝገብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ኮሚቴ መጥቶ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ በገመተው ነው። ማክሰኞ ቢመጡ ኖሮ ብቻዬን ዝንብ ሳባርር ባገኙኝ። እነሱ የመጡት አርብ ነው፤ ያውም ዶፍ በወረደበት አርብ። ገበያው መጠለያ የለውም፤ ዝናቡን የሸሸ ሰው ሁሉ እኔ ቤት ገባ። ከገማቾቹ አንዱ፣ አንተነህ የሚባል ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ፣ ጃንጥላ ይዞ ማዶ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ባዶ እጁን የሚገባውንና ዕቃ ይዞ የሚወጣውን ሲቆጥር ዋለ። አይቼዋለሁ። ሰው የሚጠብቅ መስሎኝ ምስኪን፣ በብርድ አለቀ ብዬ ነበር።

ግምቱ ሲለጠፍ በቀን ዘጠኝ ሺህ ብር ትሸጣለች ይላል። በቀን። ሰኞም ማክሰኞም፣ መንገድ ተዘግቶ መኪና በማይገባበት ሳምንትም። እኔ ዘጠኝ ሺህ በሳምንት ከሸጥኩ ለምስጋና ሻማ ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ፊት ቆሜ የሌላ ሰው ስም መስሎኝ ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። የእኔው ነው።

በዚያው ሰሞን ነጋዴውን አዳራሽ ሰበሰቡትና አንድ ኃላፊ የችርቻሮ ንግዱ ካለፉት ዓመታት እጅግ አድጓል ብለው በመቶኛ አነበቡልን። አጠገቤ የተቀመጠው ቆርቆሮ ሻጩ ታፈረ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና ማን ገዝቶ ነው አለኝ። ሰውየው ግን ዋሽተዋል አልልም። ብሩ አድጓል። ከሁለት ዓመት በፊት ኪሎ ስኳር ትወስድ የነበረች ሴት አሁን ግማሽ ትወስዳለች፤ ለግማሹ የምትከፍለኝ ያኔ ለኪሎው ከከፈለችው ይበልጣል። እሳቸው ያደገውን ብር ያነባሉ፤ እኔ የቀነሰውን ስኳር እሰፍራለሁ። ይህን ተነሥቼ ልናገር አስቤ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ሻይ መጣ ብለው ሲነሡ ስብሰባው ተበተነ።

ቢሮ ሄድኩ። አንተነህ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ ጮኼበት እወጣ ነበር። የሰዎቼን ነገር፣ የሚያስቀምጡትን ዕቃ፣ የዝናቡን ነገር ሁሉ ነገርኩት። እያዘነ አዳመጠኝና ከእኔ በፊት የገባው ነጋዴ ደግሞ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ናቸው ብሎት እንደ ነበር አጫወተኝ።

«እትዬ ጌጤ፣ እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለኝ። «ያላየሁትን ብጽፍ ነገ ለሌላውም ልጽፍ ነው።»

እንግዲያው ፈቃዴን ተቀበለኝና ልዝጋው አልኩት። ፈቃድ ለመመለስ ክሊራንስ የሚሉት፣ የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል አለኝ። ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ ግብሩን መክፈል አለብኝ፤ ግብሩ የሚሰላው በዚያው በዘጠኝ ሺሁ ነው። ዝም ብዬ ቆልፌ ብጠፋስ ስለው ግብሩ ቅጣት እየወለደ ይጠብቅዎታል አለኝ። ያን ጊዜ መታፈን ምን እንደሆነ ገባኝ። ልሽጥ ብል የምሸጥለት የለም፤ ልዝጋ ብል መዝጊያው በእኔ እጅ አይደለም።

ሲያየኝ ጊዜ አዘነልኝ መሰለኝ አንድ መንገድ አለ አለ። ቅሬታ ላስገባ፤ ነሐሴ ላይ ቀኑን ነግሮኝ በአንድ የገበያ አርብ ራሱ እንደ ገና መጥቶ ያያል፤ ያየው ከበፊቱ ካነሰ ግምቱ ይወርዳል፤ ካላነሰ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ አቤት የሚባልበት የለም።

እቤት ገብቼ ለጥላዬ ነገርኩት። እሱ ከከተማው ዳር ያለችንን ማሳ በጥማድ በሬ ያርሳል። ግምቱ ከጸና አንዱን በሬ ከመሸጥ ሌላ መክፈያ እንደሌለን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። አንዷን አርብ ብቻ ሰዎችሽ ሌላ ቦታ ይረፉ፣ እኛም መዝጊያውን ገርበብ እናድርግ፣ ልጁ እውነተኛውን ሱቅ አይቶ ይሂድ አለኝ። ይህ ደግሞ ማጭበርበር አይደለም፤ የሸጥሽው የሸጥሽው ነው አለ። እውነቱን ነው። ግን አትምጡብኝ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ።

ፍልሰታ በገባ እሑድ አገር ቤት ወረድኩ። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ፍሥሐን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጥዱ ሥር አገኘኋቸው። የኔታ ወንድሞቼን ዳዊት ያስደገሙ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩትን ደብሩ ሁሉ ይሰማል። ሱቄ ሊዘጋ፣ በሬያችን ሊሸጥ መሆኑን ነገርኳቸው። በመጪው አርብ ከመንግሥት ሰው መጥቶ ሱቄን እንደሚያይ፣ ባየው እንደሚወስን፣ ከዚያ ወዲያ አቤት እንደማይባል ነገርኳቸው።

«እኛ ምን እናድርግልሽ ልጄ?» አሉኝ።

አትምጡ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር። ዞር ስል ግን እማማ ተሾመችን አየኋቸው። እማማ ተሾመች በየአርቡ ምርኩዛቸውንና ትንሿን ዘንቢላቸውን እኔ ዘንድ አኑረው፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን የሚያሳርፉ አሮጊት ናቸው። ልጅ እያለሁ ከማጀታቸው ቆሎ ያልዘገንኩበት ቀን የለም። ከሩቅ አይተውኝ ፈገግ አሉ። ቃሏ ተመለሰች።

«ምንም፣ የኔታ» አልኩ። «ብቻ ሰዉ ይወቅልኝ።»

ያስተውላሉ፣ ራሳቸው ይርቁልኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው እነግራቸዋለሁ፣ አይዞሽ አሉኝ። ቤት ስገባ ጥላዬ ነገርሻቸው ወይ ሲለኝ ነገርኳቸው አልኩት።

አርቡ ነጋ። አንዱን መዝጊያ ገርበብ አደረግነው። አንተነህ መጥቶ ከሩቅ በእጁ ሰላም አለኝና ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆመ። አንዲት ጎረቤቴ ክብሪት ገዛች። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ገበያው ሞልቶ የእኔ ደጅ ባዶ ሲሆን ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ጥላዬ ጥግ ላይ የጤፍ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

ረፈድ ሲል በዳገቱ በኩል ነጫጭ ልብስ ታየኝ። መጀመሪያ ቀብር መስሎኝ ነበር። ሲቀርቡ የእኛ ሰዎች ናቸው። በገበያ ልብሳቸው አይደለም የመጡት፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን፣ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ከፊት የኔታ ፍሥሐ ሱባዔያቸውን ትተው፣ ጭቃው እስከ ቅልጥማቸው ደርሶ፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ይመጣሉ። ከኋላቸው በየአርቡ የሚመጡትም ገበያ ወጥተው የማያውቁትም አሉ። አህዮቹ ጆንያ ተጭነዋል።

የመጀመሪያው ሰው ገርበብ ያለውን መዝጊያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጎረምሶቹ ገብሱንና ባቄላውን አውርደው ከመንገድ እንዲታይ በሩ ግራና ቀኝ ደረደሩት። ሴቶቹ ባንኮኒው ፊት ተሰለፉ። ከዚያ መግዛት ጀመሩ። ሩብ ስኳር የምትወስደው ኪሎ አለች፤ አንድ ሳሙና ለወር የምታብቃቃው አራት አለች፤ ሁሉም የሚናገሩት ጮክ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለስ አድርገው ነው። እጄ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል፤ አእምሮዬ ግን ቆሟል። ወደ የኔታ ጎንበስ ብዬ ምንድን ነው ይሄ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ሳያነሡ መለሱልኝ።

«ዝም ብለሽ ሽጪ። ሙሉ ቤት ይይ።»

የአባቴ ግቢ ፊቴ ላይ መጣ፤ ያ ሁሉ የሰው በሬ። አንተነህን የአማች ሽማግሌ አድርገውት ነው። እኔ ልነግራቸው ሄጄ ግማሹን ውጬ ተመለስኩ፤ እነሱ ደግሞ የሚያውቁትን አደረጉ። ሙሉ ቤት የሚያስቀጣበት ነገር ከየት ሰምተው ያውቃሉ። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ፤ ሰው ስለተጨናነቀ ለሁለቱም ቦታ አልነበረኝም። ጥላዬ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሰዉን ሰንጥቆ ወደ እኔ ሊመጣ ሞከረ፤ ሰላም እያሉ፣ ጉንጩን እየሳሙ መሐል ላይ አስቀሩት።

እማማ ተሾመች ደረሱ። ጠዋት በብብታቸው ይዘዋት የመጧትን ዶሮ መንገድ ላይ ሸጠዋታል። በፍልሰታ ዶሮ ማን ይገዛል፤ በግማሽ ዋጋ ነው የሰጧት። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና ብሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጉ፤ ሦስት ሳሙና አሉ። ብሩን በመዳፌ ወደ እሳቸው ገፋሁት። እማማ፣ እባክዎ ይቅር አልኳቸው።

«ስጪኝ እንጂ» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ሰውየው እያየን እኮ ነው።»

ሰጠኋቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አንተነህ ጃንጥላውን አጥፎ ገባ። ሰዉ ከፈል ብሎ አሳለፈው፤ አንዳንዱም ባርኔጣውን አወለቀለት። ልጁ ሞኝ አይደለም። የታጠበውን ጋቢ አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ ሁሉም ወደ እሱ ፈገግ ማለታቸውን አየ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ ግን ቤቱ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው።

«እትዬ ጌጤ፣ የዛሬው አልተዋጠልኝም» አለኝ። «እነዚህ ገዢዎችዎ ናቸው? አይደሉም ካሉኝ አሁን እዚሁ እነሱንም እጠይቃለሁ፤ ካመኑልኝ ያንን እጽፋለሁ።»

በሩ ተከፈተልኝ ማለት ነው። አይደሉም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ጥላዬ ከሰው መሐል በዓይኑ ይለምነኛል፤ በይ እንጂ፣ ተናገሪ እንጂ ይለኛል። ከተናገርኩ ግን ልጁ ወደ የኔታ ይዞራል። በጾም፣ በሱባዔ፣ ደብራቸው ሁሉ እያየ፣ አባት ሆይ ዋሽተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እማማ ተሾመች ዶሮዋን ሸጠው እኔን ለመጣል እንደመጡ እዚህ ባንኮኒ ፊት ይሰማሉ። ያን ሁሉ ዳገት ይዘውት የወጡት ደስታ በአንድ ቃሌ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ፤ እነሱስ በምን እግራቸው ይመጣሉ።

የኔታ ከፊቴ ቆመዋል። ጭቃው ቅልጥማቸው ላይ መድረቅ ጀምሯል። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው አይዞሽ አሉኝ።

«ደንበኞቼ ናቸው» አልኩት።

ልጁ ብዕሩን አወጣ። ከዚያ ጻፈ፤ አስፈረመኝ። አንተነህ ደጁን ሲወጣ አንዷ ሴት እልል አለች። ጥላዬ በጓዳው በር ወደ በረቱ ወጣ። እዚያ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ በሬዎቹን እያየ የትኛው እንደሚሄድ ይመርጣል።

የኔታ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ጃንጥላው መታጠፊያውን ሲያልፍ ሄዷል አሉ። ጎረምሶቹ ወዲያው ጆንያዎቹን አንሥተው አህዮቹ ላይ መለሱ። ሴቶቹ እንደ ገና ባንኮኒው ፊት ተሰለፉ፤ አሁን ግን የሚጮኽ የለም፤ ሁሉም ፈዘዝ፣ አፈር አፈር ብለዋል። የመጀመሪያዋ ኪሎ ስኳሯን አልፈታችውም፤ እንደጠቀለልኩላት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ከኋላዋ ያለችው አራት ሳሙናዋን አስቀመጠች። እንደ እኅቴ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ ሁሉም በሬውን ሊፈታ ነው።

መሳቢያውን ከፈትኩ። የእያንዳንዱን ብር መልሼ ሰጠሁ። በነሐሴ የገበሬ ኪስ ውስጥ ያለ ብር የማዳበሪያ ነው፣ የዘር ነው፣ የመድኃኒት ነው፤ ማን ሳሙና አራት ይገዛበታል። ሳሙናው ወደ መደርደሪያው፣ ስኳሩ ወደ ጆንያው ተመለሰ። በመጨረሻ መሳቢያው ውስጥ የቀረው ጎረቤቴ ለክብሪቱ የከፈለችኝ ነው። አንተነህ የጻፈው ወረቀት ግን ቢሮ ደርሷል፤ እዚያ ሄዶ የሚመልሰው የለም።

እማማ ተሾመች የመጨረሻ ሆኑ። ሦስቱን ሳሙና ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ዝናብ እንዳይነካው ብብቴ ውስጥ ነበር፣ እይው፣ እንዳለ ነው አሉኝ። ብራቸውን ሰጠኋቸው። ዶሮዋ ግን ሄዳለች፤ እሷን ማንም አይመልስላቸውም። ብሩን ጫፉ ላይ ቋጥረው ሲያበቁ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«ተሳካልን?» አሉኝ።

«ተሳካ» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ሰጠኋቸው። ደጁ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉልኝ።

«ንግድሽን ያብዛልሽ፣ ልጄ።»

ሰዉም ከውጭ ሆኖ አሜን ብሎ ተቀበላቸው። የሚጠብቁት የእኔን መልስ ነበርና አሜን አልኩ።